ሚዛኗን የተነጠቀችው ሴትዮ

ሚዛን ማለት ሁለት ሳህን ያለው፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣ፣ የማንንም ፊት ሳያይ ልኩን የሚናገር ዕቃ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህን ያወቅሁት ከሱቅ ሳይሆን፣ አቃቂ በሰቃ ከሐዲዱ አጠገብ ከቆመ አሮጌ የመንግሥት ሕንጻ ግንባር ላይ ነበር። ከበሩ በላይ ከድንጋይ የተቀረጹ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ የስንዴ ነዶ አቅፋለች፣ አንዷ መዶሻ ይዛለች፣ መካከለኛዋ ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ ሚዛን አንጠልጥላለች።

የሕንጻው ዘበኛ ጋሽ ወርዶፋ በባቡር ሥራ ያረጁ ጡረተኛ ነበሩ። ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ያረጀ የሐዲድ እንጨት ያነዱና፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸተው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የፋኖሳቸው ብርሃን ከታች ሲያርፍባቸው የሴቶቹ ፊት የሚንቀሳቀስ እየመሰለን፣ የሦስቱን እኅትማማቾች ተረት ይነግሩን ነበር። በባቡር መጥተው አቃቂ ሲወርዱ፣ መካከለኛዋ «እዚህ የሚመዘን ብዙ አለ» ብላ አልሄድም አለች፤ ሌሎቹም ጥለዋት መሄድ አልሆነላቸውም።

«ጋሼ፣ ዓይኗን ለምን አሰሩት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የማንን ልጅ እንደምትመዝን እንዳታውቅ።»

«የኔ አባት ግን እያየ ነው የሚመዝነው» አለች የባለሱቁ ልጅ ዘምዘም።

«ለዚህ ነዋ ስኳራችሁ የሚጎድለው» አልኳት። ጋሽ ወርዶፋ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ምርጫ ሲቃረብ ሕንጻው የምርጫ ጣቢያ ተባለ። እኔና ዘምዘም ወደ ትምህርት ቤት ስናልፍ የቀበሌው ሹም ግንበኛና መሰላል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ከግል ተወዳዳሪዎች የአንዱ ምልክት ሚዛን ነው፤ ጣቢያ ላይ ምልክት መለጠፍ ደግሞ ክልክል ነው ይላል።

«ማን ለጠፈው ልጄ? ከድንጋዩ ጋር አንድ ነው እኮ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«ጋሼ፣ መመሪያ ነው። ይሄ ቅስቀሳ ነው።»

«ማንን ቀሰቀሰች? አንተ ተወልደህ እስክታድግ እዚሁ ቆማለች፤ አንድ ቃል አልወጣትም።»

ሹሙ ለአፍታ አያቸው። «እርስዎ ይህን ያህል የሚሟገቱላት፣ ደጋፊዋ ነዎት?»

የጋሽ ወርዶፋ ጡረታ ብቻውን ቤታቸውን እንደማይደግፍ እኛ ልጆቹም እናውቅ ነበር። መሰላሉን እንዲይዙ ታዘዙ፤ ያዙ። ግንበኛው በመሮ ሲፈልጥ የድንጋዩ ብናኝ ኮፍያቸውና ትከሻቸው ላይ ይዘንብ ነበር። አላራገፉትም።

ማታ እንደ ልማዳችን እሳቱ ዳር ተሰበሰብን። ሴትዮዋ ባዶ እጇን ወደ መንገዱ ዘርግታ ቀርታለች።

«ጋሼ፣ አሁን ምን እያደረገች ነው?» አለች ዘምዘም።

«አሁንማ ትለምናለች» አሉና ፍሙን አመድ አለበሱት። ከዚያ ወዲህ ተረት ነግረውን አያውቁም።

አሁንም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚያንገበግበኝ መሮው አይደለም፤ ተረቱን ያቆዩልን ሰው መሰላሉን እንዲይዙ መደረጋቸው ነው። የዓይኗን ጨርቅ ግን ማንም አልነካውም፤ እሱ ሹሙን አላስፈራውም።

ባለሚዛኑ ተወዳዳሪ፣ ኋላ ሲጣራ፣ የተመዘገበው በሌላ ወረዳ ነበር።