ምራቁን የዋጠ ሰው

«ምራቁን የዋጠ ሰው ፊት ቆመህ ትፋ ትላለህ?»

ጋሽ ምትኩ ቱቦውን መለሱልኝ። ደባርቅ ላይ ለጥናቱ በተከራየነው ክፍል የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። ሥራዬ ምራቅ መሰብሰብ ነው። ከምራቁ ዲኤንኤ ይወጣል፤ የትምባሆ ሱስ ከወላጅ ወደ ልጅ ምን ያህል እንደሚተላለፍ በዚያ ይጠናል።

«ጋሼ፣ ለምርመራ እኮ ነው።»

«ግጥም ትጽፋለህ አሉ። ለዚህ ቃል አጣህ?»

አጥቼ ነበር። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተሯ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ይል የለ? እንደዚያ ይመርቁን።»

«ይቺ ታውቃለች» አሉና ቱቦውን ተቀበሉኝ።

ግን ከመትፋታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ሳያጨሱ መቆየት ነበረባቸው። ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና ሊማሊሞን የወረዱ ሾፌር ናቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣታቸው የሸሚዛቸውን ኪስ ይዳብስ ጀመር። ያን ቁልቁለት መሪ ይዞ ከወረደ እጅ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ «ሎሚ ያስቡ» አልኳቸው። እስከ መስመሩ ሞሉ። «አረፋው አይቆጠርም» ስል፣ «ከትራፊክ ፖሊስ ትብሳለህ» ብለው ጨመሩ።

ክዳኑን አጥብቄ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ገና ሙቅ ነበር። አባታቸው፣ የአባታቸው አባት፣ ስማቸው የተረሳው ሁሉ እዚያች ጠብታ ውስጥ ነበሩ። ለማስቀመጥ ፈራሁ።

«ልጄን ሲጋራ አጨስክ ብዬ ከቤት አባርሬዋለሁ» አሉ ጋሽ ምትኩ። «ዛሪማ ከተማ ነው ያለው፣ ከሄደ አራት ዓመቱ። እኔ ነኝ የሰጠሁት?»

«የአንድ ቤት ውጤት ለብቻው አይነገርም» አለች ዶክተሯ። «ዝንባሌው ግን በከፊል ይወረሳል። ቀሪውን ቤትና ጓደኛ ይጨምሩበታል።»

«ደሙም የኔ፣ ቤቱም የኔ።»



ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ዳባትም ጃናሞራም ቱቦ ይዤ ዞሬያለሁ። ምራቁን የሚሰጠኝ ሰው የራሱ ጥያቄ አለው። አሁን ቱቦውን ከማውጣቴ በፊት ስለ ጥያቄው እጠይቀዋለሁ።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ግን ጋሽ ምትኩ ኮፍያቸውን አነሡ። «የዛሪማ መኪና ዛሬም አራት ሰዓት ነው የሚወጣው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

የሲጋራ ፓኬታቸውን ከፍተው አዩት። «ለሁለት ሰው ይበቃል» ብለው ወጡ። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።