ጎድጓዳው ሳሎን

ወንድሜ ያን ቤት ሲያሞግስ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እናቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። ያኔ የምንኖረው እዚሁ ሰው አገር፣ ሃውገንስቱዋ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ሊፍት የሌለው ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሐኪም ጋ በተቀጠረች ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን እናወርዳታለን። ጎረቤት በር ከፍቶ ብቅ ካለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች፤ እንደ ዕቃ ተይዛ መታየቱን ትጠላው ነበር። በረዶው ሲጥል ጭራሽ መውጣት ተወች።

ስለዚህ ደረጃ የሌለው ቤት መፈለግ ጀመርን። ቀላል አልነበረም። እዚህ አገር ቤት የሚሠራው ሽቅብ ነው፤ መኝታው ላይ፣ መታጠቢያው ታች። ብዙ ተንከራተን በጸደይ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር፣ ጫካው ጥግ አንድ ቤት አገኘን። ሻጩ ደላላ፣ ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ያስተኛ ወጣት፣ ገና በሩ ላይ «አልት ፖ ኤት ፕላን!» አለን። በአገሬው ቋንቋ ሁሉም ነገር በአንድ ወለል ማለቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ያምራል። ሀገር ቤት ቪላ የምንለው ዓይነት ነው፤ ግን ዝቅ ብሎ በጎን የተዘረጋ። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ እንደ ባርኔጣ ክፈፍ ይወጣል። ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በጓሮው በኩል ግን ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። መኪና ማቆሚያው ከቤቱ ጋር አንድ ጣሪያ ስለሚጋራ፣ በረዶ ሳይረግጡ ከመኪና ወደ ኩሽና መግባት ይቻላል። መኝታ ቤቶቹ በረጅም ኮሪደር ጫፍ ተሰልፈዋል። «ከሳሎኑ ጫጫታ የራቁ» እያለ ደላላው አወደሳቸው። መጀመሪያ ያሠራው ሰው አሜሪካ ሠርቶ የተመለሰ ነበር አሉ፤ እዚያ እንዲህ ያለውን ቤት ራንች ይሉታል።

ከዚያ ሳሎኑ ጋ ደረስን። ወለሉ ድንገት ጎድጎድ ይላል። በሁለት እርከን ነው የሚወረደው፤ ታች ትልቅ የእሳት ምድጃ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ወንድሜን።

«ስቱዋው፣ ሳሎኑ ነዋ! ፊልም ውስጥ ያለ ቤት አይመስልም?»

«ደረጃ አለው።»

«ናይ፣ ኧረ አይደለም! ሁለት እርከን ደረጃ ይባላል እንዴ? መደገፊያ ብረት አደርግላታለሁ።»

እኔ ነርስ ነኝ። ሰውን የሚሰብረው የፎቅ ብዛት እንዳልሆነ፣ አንድ እርከንም እንደሚበቃ አውቃለሁ፤ ነገርኩት። እሱ ዓይኑ ምድጃው ላይ ነበር። እማዬ ራሷ መጥታ ትየው ስለው «ለምን እናንገላታታለን?» አለኝ። ሳታየው ተገዛ።

ብረቱም አልመጣም። ወንድሜ አልናብሩ ያለ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠራ ሁልጊዜ ደክሞታል፤ ሁልጊዜ «ቅዳሜ» ነው። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ስልኩ፣ ሁሉም ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ጠራን። ሁሉም ታች ተቀምጦ ይበላል፣ ይስቃል፤ እናቴ ከላይ ከእርከኑ ጠርዝ የኩሽና ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ወደኛ ይምጡ እንጂ!» ይሏታል።

«ግድ የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል» ትላለች። ታች ሳቅ በተነሣ ቁጥር ግን ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትለኛለች። በገዛ ቤቷ!

ማታ ለወንድሜ ስነግረው «ምን ችግር አለው? ከላይ ሆና ሁሉንም ታያለች» አለኝ። ያን ቀን በጥፊ አለማለቴ ይገርመኛል።

ኅዳር ላይ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ስልኩ ጠራ። እህቷ ከአዲስ አበባ የምትደውልበት ሰዓት ነበር። እናቴ ወንድሜን ተጣራች። እሱ ሌሊት ሠርቶ ገብቶ ከዚያ ረጅም ኮሪደር ጫፍ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ አልሰማትም። ብቻዋን ልትወርድ ሞከረች። ስገባ ምድጃው ሥር ወድቃ አገኘኋት፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ አብጧል። አላለቀሰችም። «ስልኩ ዝም አለ» ብቻ አለችኝ።

እኔ የምሠራበት ሆስፒታል እጇ በጄሶ ከታሰረ በኋላ ወንድሜ አጠገቧ ቆሞ «እማዬ፣ ምናለ እኔን ብትጠብቂኝ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ከፎቅ አውርዳችሁ ገደል አፋፍ ላይ አስቀመጣችሁኝ» አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር እንደወጣን «ይሞላል» አልኩት።

«ምኑ?»

«ጉድጓዱ!»

«ቤቱን ልታበላሺው ነው? ውበቱ እኮ እሱ ነው!»

«ውበቱ አንድ ወለል መሆኑ ነበር! ለሷ ብለን ነው የገዛነው ወይስ ለምድጃው?» ጩኸቴን ሰምታ የሥራ ባልደረባዬ ከክፍል ብቅ አለች። አላፈርኩም።

አናጺ ጠራሁ። ከጉድጓዱ ወለል ላይ ወራጅ እንጨት ደርድሮ፣ ጣውላ ዘርግቶ ከኩሽናው ጋር እኩል አደረገው። የምድጃው አፍ ግማሹ ከአዲሱ ወለል በታች ስለቀረ ተደፈነ። የመስታወቱም ግርጌ በሳንቃ ተሸፈነ። ወንድሜ እጁን አጣጥፎ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው ቆሞ አየ፤ አንድ ጣውላ እንኳ አላቀበለም። ለብዙ ጊዜም አላናገረኝም።

እናቴ ግን ባለ ጎማ መደገፊያዋን በጤነኛ እጇ እየገፋች ከመኝታዋ ተነሥታ፣ በኩሽና አልፋ፣ መስታወቱ ድረስ ሳትቆም ሄደች። ዛፎቹን አየች፤ ወንበር እንዳመጣላትም በአገጯ አመለከተችኝ። ከዚያ ወዲያ ቦታዋ እሱ ሆነ። ለገና እንግዶቹ መሃል ተቀምጣ ከማንም በላይ ስታወራ ዋለች። እጇ ግን ድሮ እንደነበረው አልሆነም፤ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ፀጉሬን ሹሩባ የምትሠራኝ እሷ ነበረች።

«ቤቱ እንዴት ሰፋ!» አለ አንዱ እንግዳ።

«ያ፣ አዎ፣ ወለሉን አስተካከልነው» አለ ወንድሜ። አስተካከልነው! የያዝኩትን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ስለቀው ለሁለት ተሰነጠቀ።

እናቴ ሰማች። «ተይው፣ ልጄ» አለችኝ።

«አልተወውም» አልኳት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወንድሜ ኩሽና መጥቶ ጨርቅ አነሣና ሳህን ማድረቅ ጀመረ። ቆይቶ «እስካሁን ተቆጥተሻል?» አለኝ።

«ያ» አልኩትና የሚቀጥለውን ሳህን አቀበልኩት።