የኢቶቢኮው ቄጤማ

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አክስቴ «ቄጤማ ሳይጎዘጎዝ እንግዳ አልቀበልም» ብለው ድርቅ አሉ። ቶሮንቶ ውስጥ ቄጤማ ከየት ይመጣል? የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ በአውቶብስ ከከተማዋ በስተምዕራብ ወዳለው ኢቶቢኮ ሄድኩ፤ እዚያ አንድ ረግረግ ዳር ቁርጥ ቄጤማ የመሰለ ሣር አይቼ ነበር።

ሁለት እቅፍ እንዳጨድኩ ቦቲ ጫማ ያጠለቀች ፈረንጅ እየሮጠች መጣች። የስደተኝነት ጉዳዬ ገና አላለቀም፤ ቢላውን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«ማንም ሳይጠራው ከውጭ መጥቶ አገሩን ወረረው» አለች እያለከለከች። «ውሃውን አፍኖ ያገማዋል፣ ትንኝ ያራባል፣ በሽታ ያመጣል።»

ስለ እኔ የምታወራ መስሎኝ የስደተኝነት ወረቀቴን፣ ፔፐሬን፣ ላወጣ ስል እጄን ጨበጠችኝ። ለካ ስለ ሣሩ ነው። እሷ ሣሩን ለማጥፋት በነፃ ቮለንተር ከሚያደርጉት አንዷ ኖራ፣ እኔንም ከነሱ ቆጥራኛለች። አላስተባበልኩም።

«ፒካፕ መኪናዬ ሞልቷል። ያጨድከውን በከረጢት እሰረው፤ አንዲት ዘለላ እንዳትወድቅ። ነገ መጥቼ ወስጄ አቃጥለዋለሁ» ብላ አድራሻዬን ጻፈች። የምትመጣ አልመሰለኝም።

በማግስቱ እንግዳው ሞልቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ደፉ ላይ ቆማ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ የተጎዘጎዘውን አየችና አፏን ከፍታ ቀረች።

አክስቴ ከሶፋው ተነስተው እጇን ያዙ።

«ግቢ ልጄ» አሏት፤ «እንዳንቺ ላለ እንግዳ ብለን እኮ ነው የጎዘጎዝነው።»