የላግኋቸው ምሰሶዎች

በ1987 ዓ.ም. ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በእጁ የሚኮራ ጎረምሳ አናጢ ነበርኩ። ያን ጊዜ ያስታወሱኝ ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዘው ቤቴ የመጡ ልጆች ናቸው። "ጋሼ፣ የድሮውን የገበያ አዳራሽ ለሕዝብም ለንግድም እንዲሆን ልናድሰው ነው፤ እርስዎ ያውቁታልና ይምሩን" አሉኝ። ምራቄን ተፋሁ። ልጆቹን ጠልቼ አይደለም። "እድሳት" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ስለሚመረኝ ነው።

አዳራሹ ከመቱ ወጣ ብላ ባለችው ከተማችን መሐል የቆመ፣ በወፋፍራም የዋንዛ ምሰሶ የተያዘ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ነው። በእኛ አገር ዝናቡ ከዓመቱ እኩሌታ በላይ ነው፤ ጣሪያ የሌለው ሻጭ ገበያ የለውም። ማርና ቅቤ የሚሸጡት ሴቶች እዚያ ነበሩ። የቦታ ወረቀት የሚባል አያውቁም። እያንዳንዷ በምትቀመጥበት ምሰሶ ላይ በቢላ የተቆረጠ ምልክት ነበራት፤ ሁለት ጭረት የአንዷ፣ መስቀል የሌላዋ። እናት ስትሞት ልጅ በምልክቱ ትቀመጣለች። በዚህ ሲጣሉ አይቼ አላውቅም።

ያኔ አዳራሹን የሚያድስ ኮሚቴ ተቋቋመና ሴቶቹ ለሦስት ወር ውጡ ተባሉ። እንቢ አሉ። ኮሚቴው እኔን ላከ፤ ሴቶቹ ከልጅነቴ ያውቁኛልና።

"ማን ይመልሰናል?" አሉኝ ከያዮ በኩል ማር የሚያመጡት አደ ጫልቱ፤ አደ በኦሮምኛ እመት እንደማለት ነው።

"እኔ አለሁ እንጂ።"

"እንግዲያስ ባንተ ወጣን፣ ኢልመ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ወጥተው ጭቃ ላይ ተቀመጡ።

እኔ ገባሁ። የሌሊት ወፍ ኩስ ኮርኒሱ ላይ ክንድ ያህል ተቆልሏል። ወለሉ በማርና በሻገተ ቅቤ ጠቁሮ ጫማ ያጣብቃል። ስንት ቀን ምሳ አልበላልህ አለኝ። ቆሻሻውን ጠርገን ወለሉ ሊሾ ሆነ፤ ምሰሶዎቹን እኔ በመላጊያ ላግኋቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አጠገቤ ቆሞ "በርታ አናጢው፣ መስታወት አስመስልልኝ" ይላል። ሙገሳው ጣፈጠኝ። ምልክቶቹ ፍቅፋቂ ሆነው እግሬ ሥር ሲወርዱ የሰው ርስት መሆናቸው ትዝ አላለኝም። ቫርኒሽም ቀባሁበት።

የምረቃው ቀን ሴቶቹ ገንቧቸውን ተሸክመው በሩ ላይ ደረሱ።

"የቦታ ማስረጃ ያላችሁ ግቡ" አለ ሰብሳቢው።

"ማስረጃችን ምሰሶው ላይ ነው" አሉ አደ ጫልቱ።

ሰብሳቢው መዳፉን ከላይ እስከ ታች አንሸራተተው። "የቱ ጋ ነው፣ እናቴ? ይኼ እኮ የሕፃን ቂጥ ነው።"

ኮሚቴዎቹ ሳቁ። እኔ የሁሉንም ቦታ አውቃለሁ፤ የማን የት እንደሆነ ቆሜ መናገር ጀመርኩ።

"አንተ አናጢ ነህ ወይስ መዝገብ ቤት?" አለኝ ሰብሳቢው።

ሴቶቹ ወደ ጭቃው ተመለሱ፤ ቦታውን ኮሚቴዎቹ ጫማና ቴፕ ለሚሸጡ ዘመዶቻቸው አከፋፈሉት። ለምረቃው በሬ ታርዶ ነበር። ያጎረሱኝን ሳልውጥ ውጭ ወጥቼ ተፋሁት። እነሱን ተጸየፍኩ፤ መላጊያ የያዘውን እጄን ግን ይበልጥ ተጸየፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ነበር። ጭቃው ድረስ ሄጄ አደ ጫልቱ ፊት ቆምኩ። "ምልክትዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ቀና ብለውም አላዩኝ። "አውቃለሁ። ይልቅ ያንን የላስቲክ ጫፍ ያዝ፤ ማሬ ውሃ ሊገባው ነው።"

ያዝኩ። ገበያው እስኪበተን እጄን አላወረድኩም።