የብዙነሽ ቂምና ጥሬው አኩሪ አተር

ብዙነሽ ከጉና ግርጌ ባለች ቀበሌ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ባሏ ለዘመቻ ሄዶ እንደወጣ ስለቀረ የምትኖረው ከሽማግሌ አባቷ ጋር ነበር። በደርግ ዘመን ገበሬው በአምራቾች ማህበር ሲደራጅ ጥጃ የመጠበቅ ሥራ ደረሳት፤ ሥራውንም ወደደችው።

የማህበሩ ሊቀመንበር ይርጋ ይባላል። ከአውራጃ እንግዳ በመጣ ቁጥር በወተትና በእርጎ ማስተናገድ የሚወድ ሰው ነበር። በ1978 ክረምቱ ሊገባ ሲል ከቆላ በጭነት መኪና አኩሪ አተር መጣ። ይርጋ ጆንያዎቹን እያስወረደ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ወተት ለጥጃ አይባክንም። ይህን አስፈጭተሽ፣ በውኃ በጥብጠሽ አጠጫቸው» አላት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ገና ሣር እንኳ አለመዱም። ትንሽ ወተት ይተዉላቸው እንጂ።»

«ሥጋ የሚተካ እህል ነው ተብሏል። አንቺ ከመንግሥት ልትበልጪ ነው?»

አጠጣቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ጥጆቹን ያስቀምጣቸው ጀመር። ጭራቸው ረጥቦ፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገባ። የጠጡት ሁሉ እንዳለ ይወጣል። ከዚያ ይሞቱ ጀመር።

ይርጋ ስብሰባ ጠራና ጣቱን ቀሰረባት። «የሕዝብ ከብት የፈጀችው ይህች ናት! ይህ አሻጥር ነው!» አለ። ያን ቀን ከእህል ጎተራው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል አስገብቶ ዘጋባት።

ክረምቱ እንደገፋ አባቷ በብርድና በሐዘን ወደቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ቄሱ «አፈር ታልብሳቸውና ትመለስ» ብለው ይርጋን ለመኑት። እምቢ አለ። ብዙነሽ የአባቷን ለቅሶ በጭቃው ግድግዳ በኩል ሰማች። ያን ዕለት አላለቀሰችም። በውስጧ አንድ ነገር ደረቀ።

ጥጆቹ ግን እሷ ታስራም መሞታቸውን አላቆሙም። በመስከረም የከብት ሐኪሙ ደሞዜ ከደብረ ታቦር በበቅሎ መጣ። የሞተ ጥጃ ቀዶ አንጀቱን አየና በጥሬ አኩሪ አተር እንዳለቁ ለይርጋ ነገረው። ብዙነሽ ተፈታች። ይርጋ ግን ስለ እሷ በሕዝብ ፊት አንዲት ቃል አልተናገረም። ሰዎች በመንገድ ሲያዩዋት ጥጃቸውን ይሸሽጉ ነበር።

ደሞዜ ከመሄዱ በፊት አገኘችው። «ወንድሜ፣ ምን ነበር የፈጃቸው?» አለችው።

«እትዬ ብዙነሽ፣ የአንጀት ውስጠኛው ገጽ እንደ ከፈይ ነው፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእሱ ላይ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። በጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች እነዚያን ሕዋሳት ያቆስሏቸዋል፤ ከፈዩ ያጥራል፣ ይላጣል። ሌሎቹ ደግሞ ምግብ የሚፈጨውን የሆድ ፈሳሽ ሥራ ያስፈቱታል። ጥጃው እየበላ በረሃብ ይሞታል።»

«ቢቆላስ?»

«እሳት አብዛኛውን ጉዳት ያጠፋዋል። በደንብ ቆልተው፣ ከወተት ጋር ጥቂት ጥቂት ይስጡ።»

ብዙነሽ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለማህበሩ ጥጆች በደንብ እየቆላች ሰጠች፤ ዳኑ። ይርጋ በቤቱ የሚያሳድገው ከፈረንጅ ኮርማ የተዳቀለ ወንድ ጥጃ ነበረው፤ ለእንግዳ ሁሉ አስወጥቶ የሚያሳየው። ለእሱም ብዙነሽ የምታዘጋጀውን የማህበሩን ዱቄት በድብቅ ያስወስድ ነበር። ብዙነሽ የእሱን ለብቻ አዘጋጀች፤ ሳትቆላ።

አንድ ረፋድ ይርጋ ፊቱ ጠቁሮ ወደ በረቱ መጣ። «ጥጃዬ ሊሞት ነው። ዱቄቱን ቆልተሽዋል?»

«አልቆላሁትም» አለችው ቀና ብላ።

«አሳስርሻለሁ!»

«አሳስረኝ። ስብሰባ ጥራና ጥሬ አኩሪ አተር ጥጃ ይገድላል በል። ዱቄቱ ከማህበሩ ጎተራ እንዴት እቤትህ እንደገባም አብረህ ንገራቸው።»

«አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ይርጋ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«በሰደብከኝ አደባባይ ስሜን መልስልኝ።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ይርጋ ተነሣ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጥጆቹ ያለቁት በእሱ ትእዛዝ መሆኑንና ብዙነሽ ጥፋት እንደሌለባት ተናገረ። እሷ ከፊት ተቀምጣ ፊቱን ስታየው ቆየች። ላቡ ሲንጠፈጠፍ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

ጥጃው ወተትና የተቆላ ዱቄት አግኝቶ ዳነ፤ ግን ቀጨጨ፣ ለኮርማነት ሳይበቃ ቀረ። አንድ ጊዜ ልታየው ሄዳ እጇን ቢልሳት ሆዷ ባባ። «አንተ ምን አደረግህ!» ብላ አሻሸችው። ለባለቤቱ ግን አንዳች አላዘነችም።

ደርግ ከአካባቢው ሲወጣ ማህበሩ ፈረሰ። ብዙነሽ ከድርሻዋ አንዲት ላም ይዛ ደብረ ታቦር ዳር ገባችና ወተት እየሸጠች ኖረች። ይርጋ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹን አስቀምጣ በደንብ አስተናገደቻቸው። ስለ እርቁ ሲያነሱባት፣

«እናንተ በምትመጡበት ጊዜ ሁሉ ቤቴ ክፍት ነው። እሱ ግን በደጄ እንዳያልፍ ንገሩልኝ» አለቻቸው።

ነገሩት። ይርጋም እስኪሞት ድረስ ገበያ ሲወርድ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር።