ከፊንላንድ የመጣው እንግዳ

ጃኒል ሃውስ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንጀራዋን የበላችው በር በመዝጋት ነው። በዩታዋ የስፓኒሽ ፎርክ ከተማ፣ ከመኖ መደብሩ ጀርባ ባለች ዝቅ ያለች ሕንፃ ውስጥ፣ የሰው ድረ ገጽ ተከራይቶ የሚኖርባቸውን ሰርቨሮች ትጠብቃለች። በአንዱ ሰርቨር ሦስት መቶ ቤተሰብ ተደራርቦ ያድራል፤ የጥርስ ሐኪሙ፣ የቀብር አስፈጻሚው፣ ፈረስ አሠልጣኟ። የአንዱ መስኮት ክፍት ከሆነ ሌባው የሦስት መቶውን ጓዳ ይበረብራል። ስለዚህ ጠዋት ስትገባ፣ በረዶ የሞላውን ትልቅ ሶዳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ መጀመሪያ የምታየው ሎግ የሚሉትን መዝገብ ነው። ማን መጣ? ከየት መጣ? የትኛውን በር ነካ? ከሚመጡት አብዛኞቹ ሰዎች አይደሉም። ያልተቆለፈ በር ፍለጋ ዓለምን ሲዞሩ የሚውሉ፣ ሮቦት የሚሏቸው ፕሮግራሞች ናቸው። አይደክማቸውም፣ አያፍሩም፣ ሂዱ ቢሏቸው ዞረው ይመጣሉ።

ጃኒል አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። በዚያ ከተማ ያላገባች ሴት የሁሉም ሰው ጉዳይ ናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሳይጠይቃት የሚያልፍ የለም። «አንቺ ልጅ፣ ሰርግሽን ሳንበላ ልንሞት ነው?» ይሏታል። ይህን ጠይቀዋት የማያውቁት እህት አርዴል ነቤከር ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ሰው ሁሉ እህት፣ ወንድም እየተባለ ነው የሚጠራው። እናቷ ስትሞት ጃኒል ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ እህት ነቤከር ወደ ወጥ ቤታቸው አስገብተው፣ ሽርጥ አስታጥቀው፣ ኮክ ልጦ በጠርሙስ ማሸግ አስተማሯት። ሐዘኗ እንዲወጣላት ብለው ነው። አልወጣላትም፤ ግን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የምትሄድበት ቤት አገኘች።

የእህት ነቤከርን ድረ ገጽ የሠራችላቸው ራሷ ጃኒል ናት። ሥራ በጀመረች በዓመቷ፣ በዚያው ወጥ ቤት፣ ድስቱ እየተንፈቀፈቀ። ገጹ ላይ ያለው የማሸግ ሙያ ነው፤ ኮኩ ስንት ደቂቃ ይቀቀላል፣ ቲማቲሙ ምን ያህል ሎሚ ይፈልጋል። ጎብኚ ስሙን የሚጽፍበት የእንግዳ ደብተር አለው። ከግርጌው ደግሞ ቆጣሪ አለ፤ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ከቆጣሪው በላይ እህት ነቤከር እንዲህ አስጻፉ፦ «እንኳን ደህና መጡ። በራችን አይቆለፍም። ጫማዎን አያውልቁ።» እውነታቸውን ነበር። የዚያ ቤት በር ተቆልፎ አያውቅም፤ ቁልፉ የት እንዳለም የሚያውቅ አልነበረም።

እህት ነቤከር ከሞቱ አራት ዓመት ሆነ። በቀብሩ ዕለት፣ ሰው በአይብ የተጋገረውን የለቅሶ ድንች እየበላ ሳለ፣ ባለቤታቸው ወንድም ነቤከር ጃኒልን ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ገጿን እንዳትነኪብኝ» አሏት። «አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ።»

«አልነካም።»

«ሰው ይመጣል ለመሆኑ?»

ጃኒል ስልኳን አውጥታ መዝገቡን ከፈተች። አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ በሰባት ቀን። ሮቦቶች እንደሆኑ ታውቃለች። የሽማግሌውን ዓይን አየች።

«ይመጣል» አለች። «ከብራዚል፣ ከቬትናም፣ ከሩሲያ... አንድ ደግሞ ከፊንላንድ።»

ወንድም ነቤከር ሳህናቸውን አስቀመጡ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሚስዮን የተላኩት ፊንላንድ ነው፤ ሁለት ዓመት ወንጌል ሊሰብኩ የሰው በር ሲያንኳኩ ኖሩ። «በሁለት ዓመት ግቡ ያለችን አንዲት አሮጊት ናት፤ እሷም ቅዝቃዜው እንዳይገድለን ብላ ነው» እያሉ ሲያስቁ ኖረዋል። አርዴል ያን ጊዜ እጮኛቸው ነበረች፤ በየሳምንቱ ወደዚያ ትጽፍ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ፊንላንድ ጻፈች» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸው አንድ ሰው መለሰላት።»

ከዚያ በኋላ ማን እውነቱን ይናገራል? ወንድም ነቤከር ሳሎናቸው ላይ የዓለም ካርታ ሰቀሉ። ጃኒል እንግዳ መጣበት ላለቻቸው አገር ሁሉ ነጭ እስፒል ይሰካሉ፤ ለፊንላንድ ግን ቀይ። ገጹን መክፈት ተማሩ፤ በየጠዋቱ ቆጣሪውን ያያሉ። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ኮሪደር ጃኒልን ጠብቀው የሳምንቱን ቁጥር ያበስሯታል።

«ሁለት መቶ ስልሳ! እኔ ሁለት ዓመት ሰው በር ላይ ቆሜ ያላገኘሁት እንግዳ፣ እሷ ሞታ እንኳ እየመጣ ያንኳኳላታል። ልቀናባት ነው!»

ጃኒል ትስቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ባለፈው መስከረም ሌባ ገባ። የጥርስ ሐኪሙ ገጽ የቁማር ማስታወቂያ ሆኖ ዋለ። የቀብር አስፈጻሚውም ገጽ ሐዘንተኛውን የካርታ ቁማር ይጋብዘው ጀመር። በዚያ ከተማ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ጃኒል የሌባውን ዱካ ተከትላ ስትሄድ መግቢያው የእህት ነቤከር የእንግዳ ደብተር ሆነ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላደሰው።

«ደብተሩን የሠራው ማነው?» አለ አለቃዋ ከርት።

«እኔ ነኝ።»

«ያላደሰውስ?»

«እኔ። እንዳልነካው ቃል ገብቼ ነበር።»

«በይ ዛሬ ንኪው። ወይ ዝጊው፣ ወይ ገጹ ይውረድ።»

ዘጋችው። ጽሑፉን እስከ ነጠላ ሰረዙ እንዳለ ተወች፤ ቆጣሪውንም አዲስ አድርጋ ሠራችው። በሰርቨሩ ዙሪያ ሮቦት የሚመልስ አጥር አቆመች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ቢሆንም ጥሩ አጥር ነበር።

በመጀመሪያው እሁድ ወንድም ነቤከር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰባት» አሏት። «ተበላሽቶ ይሆን?» በሁለተኛውም እሁድ ሰባት። ሰኞ ጃኒል መዝገቡን አየች። ሰባቱም ከአንድ ቤት ናቸው፤ ሁሉም ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ። የወንድም ነቤከር ቤት። አጥሩን በአንድ መስመር ትእዛዝ ልትከፍተው ትችል ነበር፤ ቁጥሩ በማግስቱ ይመለስ ነበር። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየችና አነሳቻቸው። የጥርስ ሐኪሙ፣ ሦስት መቶው ቤተሰብ ከዚያው አጥር ውስጥ ነው ያለው።

በሦስተኛው እሁድ ወንድም ነቤከር ክንዷን ያዙ።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ። ሰው ረሳት?»

«ሰዎች አልነበሩም፣ ወንድም ነቤከር።»

«ታዲያ ምን ነበሩ?»

«ማሽኖች። ያልተቆለፈ በር የሚፈልጉ። በየቤቱ እየዞሩ የሚያንኳኩ።»

«እንደኔ በያ» አሉ፤ ሊስቁ ሞከሩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ሰባቱስ?»

«ሰባቱ እርስዎ ነዎት።»

ሕፃናት እየሮጡ በመካከላቸው አለፉ። ሽማግሌው እስኪያልፉ ጠበቁ።

«ፊንላንዱስ?»

«እሱም» አለች ጃኒል።

ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቅም። አንዴ መናገር ጀምራለችና ሁሉንም ለመጨረስ ቸኮለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወንድም ነቤከር ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም። በሚቀጥለውም። እሁድ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

ያኔ ጃኒል የፊንላንዱን እንግዳ ፍለጋ ገባች። አድራሻውን ባይ፣ የትኛውን ገጽ እንዳነበበ ባይ ብላ ነው። ሮቦት ሁሉንም በር በአንድ ትንፋሽ ይነካል፤ ሰው ግን ኮኩ ጋ ይቆያል። መዝገቡ የለም። ዘጠና ቀን የሞላው መዝገብ ሁሉ እንዲሰረዝ ደንብ አለ፤ ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። የአራት ዓመቱ እንግዳ ከጠፋ ቆይቷል። በቀብሩ ዕለት ያየችው የአገሩን ስም ብቻ ነበር። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ማሽን ነው። ግን አንዱ? አንዱን አታውቀውም። ምንም ሳታውቅ ነው «እሱም» ያለችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ እቤታቸው ሄደች። እንደ ልማዷ ገፍታ አልገባችም፤ አንኳኳች። ወንድም ነቤከር መጥተው ከፈቱ። ከትከሻቸው በላይ ካርታው ይታያል። እስፒሎቹ ተነቅለዋል፤ ወረቀቱ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች ናቸው።

«ስለ ፊንላንዱ ልነግርዎ ነው የመጣሁት» አለች። «መዝገቡ ጠፍቷል። ሰው ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል። አላውቅም።»

«ያን ዕለትም አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«አራት ዓመት የምታውቂውን ደበቅሽኝ» አሉ። «ያን ዕለት ደግሞ የማታውቂውን ነገርሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ። እስፒሏን መልሰው...»

«እስፒሏ ማክሰኞ ከቆሻሻው ጋር ሄዳለች፣ ልጄ። ደክሞኛል። በይ ደህና ዋይ።»

በሩን ቀስ ብለው ገፉት። ጃኒል ደረጃው ላይ እንደቆመች ያ ጠፍቶ የኖረው ቁልፍ ከውስጥ ሲዞር ሰማች። በሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በዚያ ቤት ይህን ድምፅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።