ባልታየው ቡጢ የተነሣ የቆመው አውቶቡስ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስሄድ ነው። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም አልለቀቀኝም። ያን ቀን ግን ሳልወድ ተናገርኩ።

ሞጣ የምታስተምር ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወልዳ የክርስትና እናቷ እንድሆን ጠይቃኝ ነበር። ክርስትናው እሑድ ማለዳ ነው። ቅዳሜን መንገድ ላይ ካደርኩ ሕፃኗን ሌላ ሴት ትይዛታለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ከሐረር ወደ ቢቸና ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። ሌላው የአገሩ ተወላጅ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ክርክራቸው በመጀመሪያው ዙር ስለተዘረረ አንድ የቀድሞ የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ነበር።

«ተኛ እንጂ አልወደቀም!» አሉ ጸሐፊው። «ቡጢውን ያየ ሰው አለ?»

«ፈጣን እጅ እንዴት ይታያል?»

«ሳይታይ የሚመታ ምች ነው እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ድሬሰሩ ተናደደ። «እርስዎ የሚያውቁት ሙግት እንጂ ቦክስ አይደለም» አላቸው።

ጸሐፊው ብድግ ብለው «በንጉሥ አምላክ! አንዲት ቃል እንዳትጨምር!» ሲሉ ጮኹ።

ሹፌሩ እሱን ያሉት መስሎት ፍሬኑን ረገጠ። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው መቼም ዳኛ እስኪፈታው ባለበት ይቆማል።

«ኧረ አንተን አይደለም፣ ንዳ!»

«በንጉሥ አቁመውኝ በራስዎ ቃል ሊያስነዱኝ? ዳኛ ይፍታኝ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ወርደን ግራር ሥር ተቀመጥን። የመንገድ ዳኛ ቢፈለግ፣ ከተሳፋሪዎቹ ቄሱም ነጋዴውም አስቀድመው ወገን ይዘዋል። አንዲት እናት ወደ እኔ ጠቁመው «ቃል ያልተነፈሰች ይቺ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷ ትዳኝ» አሉ።

ጸሐፊው ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ለአሸናፊው ጠበቃ ነኝ ካለ ውክልናውን ያሳይ!»

«እኔ ውጊያውን በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አለ ድሬሰሩ።

«እኔ ደግሞ ፎቶግራፉን አይቻለሁ። እንደተመቸው ሰው ተንጋሎ ነው የተኛው!»

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ሕፃኗን አሰብኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «አንዱ ሰማ፣ አንዱ ፎቶ አየ፤ በዓይኑ ያየ ምስክር ግን የለም። ለነገ ቀጥሬያለሁ፤ ሁለቱም ዋሶቻቸውን ይዘው ይቅረቡ፤ ችሎቱ ሞጣ ነው። ሹፌሩ ተፈትቷል፤ ባለጉዳዮቹን ያድርስ» አልኩ።

ሹፌሩ እጅ ነሥቶኝ ሞተሩን አስነሣ።

በማግሥቱ የክርስትና ልጄን አቅፌ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ሁለቱ ተሟጋቾች ዋሶቻቸውን አስከትለው በሩ ላይ ቆመዋል። «እመቤት፣ ቀጠሮ ነው!» አሉ ጸሐፊው። ሕፃኗ ጩኸቷን ለቀቀችው። «ዳኛዋ እስክታባብል ይጠብቁ» ብዬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ከሴቶቹ መካከል ገባሁ።

አሁንም ቢቸና ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሁለቱም «ዳኛችን!» እያሉ እጅ ይነሡኛል። አፍራለሁ፤ ደስም ይለኛል። ፍርዱን ግን አልሰጥም። ከሰጠሁ ከሁለቱ አንዱ ሰላምታ ይነፍገኛል።